«ባንክ አይሰብርም» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር አልጋ ልገዛ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ አንዱን አልጋ በእጁ መታ መታ አደረገና «ይሄ ባንክ አይሰብርም» አለኝ በእንግሊዝኛ። ግራ ገባኝ። እኛ ዘንድ ቤት ተሰበረ፣ ሱቅ ተሰበረ ከተባለ ሌባ ገብቷል ማለት ነው። አልጋና ዝርፊያን ምን አገናኛቸው? ማታ አጎቴን ጠየቅኩት። «ኪስ አይጎዳም ነው ያለህ» አለኝ።

ትርጉሙ ይኸው ነው። የአባባሉ ባንክ ግን ደሞዛችን የሚገባበት ባንክ አይደለም። የመጣው ከቁማር ጠረጴዛ ነው። አጫዋቹ ላሸነፈ ሰው የሚከፍልበት፣ ፊቱ የተቀመጠው ገንዘብ ባንክ ይባላል። አንዱ አሸንፎ አሸንፎ ያንን ገንዘብ ሲጨርሰው «ባንኩን ሰበረው» ይባልለታል። እ.ኤ.አ. በ1891 ቻርልስ ዌልስ የተባለ እንግሊዛዊ ሞናኮ ባለው የሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት፣ ኳስ በሚሽከረከር ጎማ ላይ የሚለቀቅበትን ሩሌት የተባለ ቁማር ተጫውቶ ይህን ደጋግሞ አድርጎታል። እዚያ የጠረጴዛው ገንዘብ ሲያልቅ ጥቁር ጨርቅ ያለብሱት ነበር፣ ሐዘን እንደገባበት ቤት። ከካዝና ሌላ ገንዘብ ሲመጣ ጨርቁ ይነሳና ጨዋታው ይቀጥላል። ቁማር ቤቱ አልከሰረም። ዌልስ ግን በ1893 ከቁማሩ ውጭ በሆነ ማጭበርበር ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የቃሉ ሥር ነው። ባንክ መጀመሪያ አግዳሚ ወንበር ነበር። የጣልያን ገንዘብ መንዛሪዎችና አበዳሪዎች ገበያ ላይ አግዳሚያቸውን ዘርግተው ይሠሩ ነበርና የወንበሩ ስም ለሥራው ተረፈ። የእንግሊዝኛው «ባንክራፕት»፣ ማለትም የከሰረ፣ የመጣውም ከጣልያንኛው «ባንካ ሮታ» ነው፤ የተሰበረ አግዳሚ እንደማለት። ከቁማሩ አባባል ጋር ሰዎች ያምታቱታል እንጂ መንገዳቸው የተለያየ ነው።

ጣልያኖቹም ቃሉን ያገኙት ከሰሜን ከመጡ፣ የጀርመንኛ ዘመድ ቋንቋ ከሚናገሩ ሕዝቦች ነው። እንግሊዝኛ የወንዝን ዳርም ባንክ ይላል። ያኛው በስካንዲኔቪያ ሰዎች በኩል ቢገባም ሥሩ አንድ ነው፤ ከፍ ብሎ የተደለደለ አፈር። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኛም መደብ እኮ እንዲሁ ነው። ጎጆ ቤት ውስጥ የምንቀመጥበት የጭቃ መደብ አለ፣ ችግኝ የሚፈላበት መደብ አለ፣ ገበያ ላይ ሻጭዋ የያዘችው ቦታም መደብ ነው።

ባንክ ደግሞ አንድ ወንድም አለው፣ ሰፈራችን ድረስ የመጣ። ጣልያንኛ ትልቁን «ባንኮ» «ባንኮኔ» ይለዋል። አዲስ አበባ ቡና ቤት ገብታችሁ፣ ወንበር ሞልቶ ቆማችሁ ማኪያቶ ስትጠጡ ክንዳችሁን የምታሳርፉበት ባንኮኒ እሱ ነው።