ጤፍ በምታክል ዕቃ ላይ ሙቀት መለካት

የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ሙቀት መለካት ሲባል ቀላል ይመስላል። ትልልቁ ቺፕ ላይ እውነትም አያስቸግርም። ጣጣው ያለው ትንንሾቹ ላይ ነው። ስልክ ውስጥ ካሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጥቃቅን ዕቃዎች) አንዱ ዓይነት 1 ሚሊሜትር በግማሽ ሚሊሜትር ነው። ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ከሱም የሚያንስ፣ 0.6 በ0.3 ሚሊሜትር የሆነ አለ።

ስልክ ጠጋኝ ይህ ልኬት የሚያስፈልገው በአብዛኛው ሾርት ያደረገ፣ ማለትም ኃይል ያለቦታው የሚያሳልፍ ዕቃ ሲፈልግ ነው። ቦርዱ ላይ 1 ቮልት አካባቢ ይለቃል። ኃይሉ ሾርት ባደረገው ዕቃ በኩል ሲያልፍ ዕቃው ይሞቃል። ቦርዱ ቀደም ብሎ አልኮል ከተቀባ መጀመሪያ የሚደርቀው እዚያ ላይ ነው። ዘዴው ዲግሪ አይነግርም፣ ቦታውን ግን ያሳያል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገውም እሱው ነው።

ቁጥር ሲያስፈልግ ቴርሞካፕል አለ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ተያይዞ ሲሞቅ ጥቂት ቮልቴጅ ይሰጣል። ዜቤክ የተባለው ሳይንቲስት ይህን ያየው በ1821 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የተለመደው ኬ የሚባለው ዓይነት በአንድ ዲግሪ 41 ማይክሮቮልት ያህል ይሰጣል። ሽቦው ከወፈረ ግን ሙቀቱን ራሱ ይወስደዋል፤ ሲኒ ቡና ውስጥ ጭልፋ እንደ መንከር ነው። ስለዚህ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ቀጭን ሽቦ ይመረጣል።

መሣሪያው ትክክል መሆኑን ለማየት በረዶ የገባበት ውሃ ይበቃል፤ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ የሚሞክር ካለ ግን ይጠንቀቅ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ላይ ነው። 100 አላሳየኝም ብላችሁ ደህናውን መሣሪያ እንዳትጥሉት።

በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ሲደገን የነበረው ዓይነት፣ በዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር የሚያነብ ኢንፍራሬድ መለኪያ እዚህ ብዙም አይረባም። ለቦርድ ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን፣ 12 ለ1 የሚባለው በ12 ሳንቲሜትር ርቀት የሚያነበው 1 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን ክብ ነው። ቀዩዋ ነጥብ ትንሽ ስለሆነች ታሳስታለች። ጤፏ ከጎረቤቶቿ ጋር ተደባልቃ ትለካለች።

ሙቀትን በምስል የሚያሳየው ቴርማል ካሜራ ይሻላል፤ ያም ሆኖ ዕቃው ምስሉ ላይ ቢያንስ 3 በ3 ፒክሰል መያዝ አለበት። ሌላው ችግር የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። የብየዳ ሊድ የራሱን ሙቀት በኢንፍራሬድ የሚያወጣው በጣም ጥቂቱን ነው፤ የቀረው የአካባቢው ነጸብራቅ ነው። በእጅ የማይነካ ትኩስ ብየዳ ካሜራው ላይ ቀዝቃዛ መስሎ ቁጭ ይላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ጥቁር ቀለም ጠብ ማድረግ፣ ወይም ሙቀት የሚችለውን ቢጫ ቴፕ ቆርጦ መለጠፍ።

ከተነበበው ቁጥር ጎን የክፍሉ ሙቀትም ይጻፍ። ከአካባቢው 40 ዲግሪ የሚበልጥ ዕቃ፣ በ10 ዲግሪ የደብረ ብርሃን ጠዋት 50 ያሳያል። ያንኑ ቦርድ ጣርማበርን አውርዳችሁ ሸዋሮቢት ላይ በ32 ዲግሪ ብትለኩት 72 ይሆናል። ዕቃው አልተበላሸም። ደጋው ግን የራሱ ተንኮል አለው፦ የደብረ ብርሃን አየር ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። በፋን የሚቀዘቅዝ ቦርድ ላይ ጭማሪው ከሸዋሮቢቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የማይታወቀው ብርዱ ስለሚሸፍነው ነው።