ከወንጂ ባጋስ ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን በኮስቲክ ሶዳ መለየት

በአዳማ አካባቢ በብዛት የሚገኘው የዕፅዋት ተረፈ ምርት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ባጋስ፣ ማለትም ሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ ነው። ከአንድ ቶን አገዳ ከ250 እስከ 300 ኪሎ ግራም እርጥብ ባጋስ ይወጣል፤ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። አብዛኛው በፋብሪካ ቦይለር ውስጥ ይነዳል። ደረቁ ክፍል ከ40 በመቶ በላይ ሴሉሎስ (የዕፅዋት ዋና ጭረት)፣ ሩብ ያህል ሄሚሴሉሎስ (ከሴሉሎስ ጋር የሚገኝ አጭር የስኳር ሰንሰለት) እና 20 በመቶ ገደማ ሊግኒን (ጭረቱን አጣብቆ የሚያጠነክር ነገር) ስለያዘ ማገዶ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያስቆጫል። የጤፍ ጭድ በዚሁ መንገድ ሊሠራ ቢችልም የከብት መኖ ነው፤ በውስጡ ያለው ሲሊካም (በአሸዋ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን) በኮስቲክ ሶዳው (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ሟሙቶ ኋላ ሊግኒኑን ያቆሽሻል።

ባጋሱ በቅድሚያ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ የቀረበት ስኳር ኮስቲኩን ይጨርሳልና። ከዚያ ደርቆ እስከ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይፈጫል። ለ100 ግራም ደረቅ ባጋስ 20 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር ውሃ ይሟሟል። ኮስቲኩ ቀስ እየተባለ ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ ኮስቲክ ላይ አይፈስም። የአሉሚኒየም ዕቃ ፈጽሞ አይሆንም፤ ይበላል፣ ሃይድሮጅንም ይወጣዋል።

ድብልቁ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት በሚሠራ ዝግ ማብሰያ) በ121 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይቆያል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ በክፍት ድስት 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። አውቶክሌቩም 121 ዲግሪ የሚደርሰው የግፊት መለኪያው 1 ባር ሲያሳይ ሳይሆን 1.2 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው። ብዙ ጊዜ ባጋሱ ሳይበስል የሚወጣው ይህ ስለሚዘነጋ ነው።

በጨርቅ ሲጠለል የሚቀረው ሴሉሎስ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7፣ ማለትም ገለልተኛ እስኪሆን ይታጠባል። በኢንዛይም ወደ ስኳር ለመለወጥ ከተፈለገ እርጥቡን ይቀመጥ፤ ከደረቀ ቀዳዳዎቹ ይዘጉና ኢንዛይሙ አይገባባቸውም።

ከጨርቁ የወረደውን፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን የሟሙበትን ጥቁር ፈሳሽ መድፋት ትልቁ ብክነት ነው። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ ወደ 5.5 ይወርዳል፣ ተንኖ ሲሶው ሲቀር የቀረውን ሦስት እጥፍ ኢታኖል ይጨመርበታል፤ ሄሚሴሉሎሱ ይዘቅጣል። ኢታኖሉ ከተነነ በኋላ ፒኤቹ ወደ 2 ሲወርድ ሊግኒኑ ይወጣል። በአንድ ጊዜ ወደ 2 ከተወረደ ሁለቱ ተደባልቀው ይመጣሉ። አሲዱ በችኮላ ከፈሰሰ ሊግኒኑ እንደ ሙቅ አጥሚት ሆኖ ማጥለያውን ይደፍናል። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ቢቆይ ቅንጣቶቹ ይገጣጠማሉ፤ ከዚያ በላይ ከሞቀ ግን ይለሰልስና ይጣበቃል። ማጠቢያውም ፒኤቹ 2 የሆነ ውሃ ነው፤ በንጹሕ ውሃ ደቅቆ ተመልሶ ይበተናል።

የሚተርፈው ውሃ በኮስቲክ ገለልተኛ ቢደረግም ሶዲየሙ አይጠፋም። በመስኖ መሬት ወይም በአዋሽ ቦዮች ከፈሰሰ አፈሩን ጨዋማ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ለፀሐይ ተሰጥቶ ጨው ሆኖ ይሰበሰባል።