ፓፓጎ፦ በበረሃ መሀል ያረጀው የሕዝብ የጎልፍ ሜዳና እድሳቱ

ፓፓጎ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ የሚገኝ የጎልፍ ሜዳ ነው። ባለቤቱ የከተማው አስተዳደር ነው። 18 ቀዳዳ አለው፣ ፓር 72 ነው (ጎበዝ ተጫዋች በ72 ምት ይጨርሰዋል ተብሎ ይጠበቃል)፣ የተከፈተው በ1963 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለመጫወት የማንም አባል መሆን አያስፈልግም። ሰዓት አስይዞ፣ ከፍሎ መግባት ነው። በፊኒክስና በጎረቤቷ ስኮትስዴል በራቸው ላይ ጥበቃ የቆመባቸው የግል ሜዳዎች ሞልተዋል፣ ስለ እነሱም የሚጽፍ አይጠፋም። ስለ ሕዝቡ ሜዳ ግን ጸሐፊው ጥቂት ነው።

ቦታው

ሜዳው ያለው ፓፓጎ ፓርክ ውስጥ፣ ከቀያይ የአሸዋ ድንጋይ ጉብታዎች አጠገብ ነው። ፓፓጎ የሚለው ስም ስፔኖች የአሪዞና ነባር ሕዝብ ለሆነው ለቶሆኖ ኦዳም ያወጡት ነው። ሕዝቡ ራሱ በ1986 በይፋ ጥሎታል፣ ፓርኩና ሜዳው ግን እስከ ዛሬ ይጠሩበታል። አካባቢው በ1914 ብሔራዊ ሐውልት (መንግሥት የሚጠብቀው ቦታ) ተብሎ ተከልሎ ነበር፣ በ1930 ኮንግረስ ክልሉን ሰረዘው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ እዚሁ ፓፓጎ ፓርክ የጀርመን ምርኮኞች ካምፕ ነበር። በ1944 የፈረንጆች ገና ሊገባ ሲል 25 ምርኮኞች ዋሻ ቆፍረው አመለጡ። መቆፈሪያውን ያገኙት የኳስ ሜዳ እንሥራ ብለው ጠባቂዎቹን አሳምነው ነው። ሦስቱ ተጣጣፊ ጀልባ ሠርተው ነበር። ካርታ ላይ ጊላ የሚባል ወንዝ አይተዋል፣ በሱ ተንሳፍፈን እንሄዳለን ብለው ቆረጡ። ሲደርሱ ወንዙ ደርቋል። በሱም ሆነ በፊኒክስ በሚያልፈው ገባሩ በሶልት ላይ ግድቦች አሉ፣ ሶልት ላይ ያለው ትልቁ ሩዝቬልት ግድብ በ1911 ያለቀ ነው፣ ውሃውም ወደ ቦይ ተጠልፎ ወደ እርሻና ወደ ከተማ ይሄዳል። ሁሉም በኋላ ተይዘዋል። ታሪኩ ከጎልፍ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ፊኒክስ ውስጥ ሣር የሚያበቅል ሰው ሁሉ የሚኖረው እንዲህ ባለ ደረቅ ወንዝ አጠገብ ነው፣ ለዚህ ነው ያነሣሁት።

ከ1963 እስከ እርጅናው

ሜዳውን የነደፈው ዊልያም ፍራንሲስ ቤል ነው። ሳንዲያጎ ያለውን ቶሪ ፓይንስን የነደፈው ሰው ማለት ነው፣ እሱም የሕዝብ ሜዳ ነው። አባቱ ዊልያም ፓርክ ቤልም በዚያው ሙያ ስመ ጥር ነበር። የፊኒክስ ከተማ ሌላ ሜዳ፣ በ1935 የተከፈተው ኤንካንቶ፣ የአባትየው ሥራ ነው። ልጅየው ፓፓጎ ላይ ብዙ መሬት አልገለበጠም። ተዳፋቱን እንዳለ ተከትሎ ሄደ። በ1971 የአሜሪካ የሕዝብ ሜዳ ተጫዋቾች አማተር ሻምፒዮና እዚህ ተካሄደ፣ ፍሬድ ሄኒ አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ያሉት 35 ያህል ዓመታት በአጭሩ፦ ሕዝቡ ተጫወተ፣ ሜዳው አረጀ።

የጎልፍ ሜዳ እርጅና ከሩቅ አይታይም። ግሪኑ፣ ማለትም ቀዳዳው ያለበት አጭር የታጨደ ሣር፣ በየዓመቱ ይጠብባል። አጫጁ ዳር ላይ ሲዞር ጥቂት ጣት ይተዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜም እንዲሁ፣ ከ30 ዓመት በኋላ ክብ የነበረው ግሪን ትንሽ ሞላላ ሆኖ ይገኛል። ከአሸዋ ጉድጓዱ ኳስ በተመታ ቁጥር የሚረጨው አሸዋ ከንፈሩ ላይ ተከምሮ ጉብታ ይሆናል። ሲተከሉ ችግኝ የነበሩ ዛፎች ጥላቸው ሣሩን ይገድላል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መስኖው ነው። የተቀበረ ቧንቧ ሃያ ሠላሳ ዓመት ካገለገለ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያው በየሳምንቱ ይፈነዳል። አንዷን ስፕሪንክለር፣ ማለትም ውሃ የምትረጨውን አፍ፣ ብቻ ውሰዱ። የማጨጃው ጎማ ገጭቷት ሁለት ጣት ያህል አዘንብላለች እንበል። በአንድ በኩል ውሃውን እግሯ ሥር ትተፋለች፣ እዚያ ጭቃ ይሆናል። በሌላው በኩል ሽቅብ ወደ ነፋሱ ትረጫለች። ማዶ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቡናማ ደረቅ ሣር ይቀራል። ሠራተኛው ቡናማውን ያይና የውሃውን ደቂቃ ይጨምራል፣ ጭቃው ባሰበት እንጂ ቡናማው አልረጠበም። ይህን በመቶዎች በሚቆጠሩ ስፕሪንክለሮች ስታባዙት የውሃ ሒሳቡ ለምን እንደሚያብጥ ይገባችኋል።

የ2008ቱ እድሳት

ሜዳው በ2008 ተዘግቶ ታደሰ። ሥራውን የመራው ዊልያም ፉለር ነው። በአንድ ወቅት የዝነኛውን የጎልፍ ሜዳ የኦገስታ ናሽናልን ሣር በኃላፊነት ሲንከባከብ የነበረ ሰው ስለሆነ ስለ ሣር የሚነግረው አያስፈልግም። ግሪኖቹና የአሸዋ ጉድጓዶቹ እንደ አዲስ ተሠሩ። ርዝመቱም ከ7,300 ያርድ በላይ ሆነ፣ ወደ 6.7 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ተከፈተ፣ በመጋቢት 2009 የሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድር አስተናገደ። አውስትራሊያዊቷ ካሪ ዌብ ዋንጫውን ወሰደች። ለከተማ ሜዳ ቀላል ነገር አይደለም።

የቤል ንድፍ ተመለሰ ወይስ አዲስ ሜዳ ተሠራ የሚለው ያከራክራል። ርዝመቱ ለቅዳሜና እሁድ ተጫዋች በዛ የሚሉም አሉ። በእኔ በኩል የመንገዱ አካሄድ የቤል ነው፣ ርዝመቱ የከበደው ደግሞ ለቀዳዳው ቀረብ ካለው የመነሻ መምቻ ቦታ ይጀምር፣ ለዚያ ነው የተሠራው።

እድሳቱ አንድ ነገር ጎደለው። የድሮው ክለብ ሃውስ (ተጫዋች የሚስተናገድበት ቤት) ፈረሰ፣ አዲሱ ግን አልተሠራም። ወደ አስር ዓመት ገደማ ተጫዋቹ የሚስተናገደው ተጎታች ቤት ውስጥ ነበር። ፕሮፌሽናሎች ዋንጫ የበሉበት ሜዳ ላይ ቡና የሚሸጥልህ በተጎታች መስኮት ነው። ነገሩ የተፈታው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጎልፍ ቡድኖች ፓፓጎን ቤታቸው ሲያደርጉ ነው። አዲሱ ክለብ ሃውስ በ2018 ተከፈተ፣ የልምምድ ስፍራውን ንድፍ የሠራው የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪ፣ ዝነኛው ጎልፈኛ ፊል ሚክልሰን ነው። ዩኒቨርሲቲው ሜዳውን ቀማ የሚል ሐሜት ነበር። ሐሜት ነው፤ ዛሬም ማንም ሰው ሰዓት ይዞ ይገባል።

ሌላው የከተማው ሜዳ ሜሪቬልም በተመሳሳይ መንገድ ዳነ፣ እሱም በ1961 የተከፈተ የልጅየው ቤል ሥራ ነው። ግራንድ ካንየን ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ጋር ተስማምቶ በጆን ፎት ንድፍ አሳደሰው፣ በ2016 በዩኒቨርሲቲው ስም ተከፈተ።

ውሃና ሣር

ፊኒክስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በ2023 ሙቀቱ ለ31 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ ከ43 ዲግሪ አላነሰም። የከርሰ ምድር ውሃን የሚቆጣጠረው የአሪዞና ሕግ የወጣው በ1980 ነው፣ ትላልቅ የሣር ሜዳዎች በኮታ እንዲጠቀሙ ያስገድዳል። በ2021 ደግሞ ፊኒክስም ውሃ የምታገኝበት የኮሎራዶ ወንዝ እጥረት ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ታወጀ። ስለዚህ ዛሬ እዚያ አገር ሜዳ ማደስ ማለት በአብዛኛው ሣር መቀነስ ማለት ነው። ኳስ የማይደርስበትን ዳር ዳር ነቅሎ የተፈጨ ግራናይትና የበረሃ ተክል መተካት፣ እያንዳንዷን ስፕሪንክለር ለብቻዋ ማዘዝ የሚያስችል መቆጣጠሪያ መግጠም፣ አፈሩ ውስጥ እርጥበት መለኪያ መቅበር። ሌላዋ የአሪዞና ከተማ ቱሳን ከ1984 ጀምሮ የተጣራ ፍሳሽ ለጎልፍ ሜዳዎች ታቀርባለች። ይህም ጣጣ አለው፣ ውሃው ጨው ይበዛዋል፣ ጨውን ከሥሩ አጥቦ ለማውረድ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ማጠጣት ግድ ነው።

ዋናው ሣር ቤርሙዳ ነው፣ እኛ ሰርዶ የምንለው። ሙቀት ይወዳል፣ ብርድ ሲመጣ ግን ገለባ መስሎ ያንቀላፋል። ጎብኚ የሚጎርፈው ደግሞ በክረምታቸው ነው። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ሜዳው ሁለት ሦስት ሳምንት ይዘጋል። ሰርዶው እስከ መሬት ይላጫል፣ አቧራው ይነሣል፣ ራይግራስ የሚባል የብርድ ሣር ላዩ ላይ ይዘራል፣ እስኪበቅል በቀን ደጋግሞ ውሃ ይጠጣል። ግንቦት ላይ ራይግራሱ ቦታውን መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ ሰርዶው ታፍኖ ይቆያል፣ ሰኔ ላይ ፀሐይ ራይግራሱን ስትገድለው ሥሩ ባዶ መሬት ይወጣል። ይህን መዝራት ፌርዌይ (ከመነሻው እስከ ግሪኑ ያለው የታጨደ መንገድ) ላይ ብቻ አድርጎ ዳሩን ቡናማ መተው ብዙ ውሃ ያድናል። ታዲያ ጥር ላይ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ያን ቡናማ ያይና ሜዳው ሞቷል ብሎ ገንዘቡ እንዲመለስለት ይጠይቃል።