በዲኤንኤ አካል ላይ የብረት ሞተር መግጠም

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ብዙዎቻችን የምናውቀው ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ ሲያወጣ ነው። እዚህ ግን፣ ከወርቅና ከፕላቲነም ለሚሠሩ በዓይን የማይታዩ የብረት ሞተሮች፣ ነዳጅ ነው። ፕላቲነም ሲነካው ወደ ውኃና ኦክስጂን ይለወጣል፤ ፕላቲነሙ ራሱ አያልቅም።

በ2004 የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግማሹ ወርቅ ግማሹ ፕላቲነም የሆነ ዘንግ ሠሩ። ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር ነበር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ፐርኦክሳይድ ውስጥ ሲገባ ያለማንም ገፊ ዋኘ። ኤሌክትሮን ከፕላቲነሙ ወደ ወርቁ በዘንጉ ውስጥ ያልፋል፤ ፕሮቶኖች ደግሞ በውጭ፣ በፈሳሹ በኩል ይጓዛሉ። ዘንጉን በፕላቲነሙ ጫፍ አቅጣጫ የሚነዳው ይህ ፍሰት ነው።

ዲኤንኤ የሚመጣው ሌላ ጥያቄ ሲነሳ ነው፦ ሞተሩን የት ጋ እንትከለው? በ2006 ካልቴክ የነበረው ፖል ሮትመንድ ከ7,000 በላይ ሆሄ ያለውን የአንድ ቫይረስ ረጅም ክር ከ200 በላይ በሆኑ አጫጭር ክሮች አጣጥፎ፣ 100 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ቅርጾች አወጣ (ናኖሜትር የማይክሮሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ዲኤንኤ ኦሪጋሚ ይባላል። እያንዳንዱ አጭር ክር ቦታው የታወቀ ነው። ስለዚህ የፈለጉትን ክር ጫፉን አስረዝመው ለብረት መንጠቆ ማድረግ ይቻላል።

ሞተር በሚሆነው የብረት ቅንጣት ላይ ደግሞ ጫፋቸው ድኝ ያለው የዲኤንኤ ክሮች ይለጠፋሉ። ጨው ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ባንዴ ከገባ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ይበላሻሉ። ከዚያ በቅንጣቱና በኦሪጋሚው ላይ ያሉት ተዛማጅ ክሮች ይገናኛሉ፣ ትርፉ በጄል ይለያል፣ ውጤቱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይታያል። ለወርቅ ይህ የተለመደ ሥራ ነው።

ፕላቲነም ግን ያስቸግራል። ድኝ ፕላቲነምን ሥራ በማስፈታት የታወቀ ነው። ክሩ አጥብቆ የያዘው ቦታ ነዳጁን አይነካም። አጥብቀህ ያዝከው ማለት አዳከምከው ማለት ነው። ክሩን ብታሳሳው ደግሞ ቅንጣቱ ሊወልቅ ይችላል። አንዱ መላ መጀመሪያ ወርቅ ማሰርና ፕላቲነሙን ከላይ ማልበስ ነው። ጨውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ኦሪጋሚው ሳይፈርስ ለመቆየት አብዛኛውን ጊዜ ማግኒዥየም ይፈልጋል፣ በኤሌክትሪክ የሚነዳ ሞተር ግን ጨው ሲበዛ ይደክማል። ፐርኦክሳይድ በበኩሉ፣ በተለይ ትንሽ አይረን ካለ፣ ዲኤንኤውን ይጎዳል።

ከሁሉም የከፋው የመጠን ነገር ነው። የውኃ ሞለኪውሎች ትንሹን አካል ያለማቋረጥ እየመቱ ያዞሩታል። ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው አካል 20 ጊዜ ሲያንስ የመዞር ፍጥነቱ 8,000 ጊዜ ያህል ይጨምራል። 100 ናኖሜትር የሆነ አካል አንድ ሺህኛ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ አቅጣጫውን ይረሳል። ማዕበል እንደሚያሽከረክራት ጀልባ ነው፤ ሞተሩ እየሠራም የትም አትደርስም። ስለዚህ የሚለካው ቀጥ ያለ ጉዞ ሳይሆን ከወትሮው የፈጠነ መንቀዋለል ነው። እሱም ቢሆን በአረፋ፣ በሙቀት ወይም በፈሳሹ ዝውውር ሊምታታ ስለሚችል፣ «ዋኘ» የሚል ዜና ስሰማ መጀመሪያ የማየው ነዳጅ ሳይጨመር የተለካውን ነው።

ለእኔ ይበልጥ የሚጥመኝ የቦታው ምርጫ ነው። ሞተሩ ከመሐል ወጣ ካለ አካሉ መሽከርከር ይጀምራል። ዲኤንኤ እዚህ ላይ ወደር የለውም፤ ስንት ቅንጣት፣ በየትኛው ጠርዝ፣ በምን ያህል ርቀት የሚለውን በጥቂት ናኖሜትር ልክ መወሰን ያስችላል።

መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ማድረስ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሆኖም ሞተሩ የሚፈልገው የፐርኦክሳይድ መጠን ለሕዋስ መርዝ ነው። አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ብረቱን ትተው ዩሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ይሞክራሉ፤ የሱ ነዳጅ ዩሪያ በደማችንም በሽንታችንም ውስጥ አለ።