«ከመጠን በላይ ጠጣ» የሚባለው ስንት ሲጠጣ ነው?

በዶርም ግሩፓችን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፤ «ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት፣ አረቄ አልነካሁም» የሚለው መልስም አብሮት ይመጣል። የሚቆጠረው ግን የመጠጡ ዓይነት ሳይሆን ውስጡ ያለው ንጹህ አልኮል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ 60 ግራምና ከዚያ በላይ ንጹህ አልኮል ሲጠጣ ከባድ አጠጣጥ ይለዋል።

5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ ይይዛል። 40 በመቶ የሆነ አረቄ ደግሞ 40 ሚሊ ሊትሩ ያንኑ ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ ቅዳሜ ማታ ፒያሳ ወጥቶ ሦስት ቢራ ጠጣ እንበል፤ 39 ግራም። ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ከመመለሱ በፊት ጓደኞቹ እንዲህ ያለ አረቄ ባለ 40 ሚሊ ሊትር ሁለት መለኪያ ጋበዙት፤ 65 ደረሰ። መስመሩን አልፏል፣ እሱ ግን «ሦስት ቢራ ነው» ብሎ ይተኛል።

የጠላ፣ የጠጅና የቤት አረቄ ጥንካሬ ከቤት ቤት ስለሚለያይ በብርሌ መቁጠር አያስተማምንም። የሰውም አካል ይለያያል፤ ክብደቷ አነስ ያለ ወይም ምሳ ያልበላች ልጅ ከ60 በታችም ክፉኛ ልትጎዳ ትችላለች።

ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አልኮሉን ከደም አያወጣም፤ ጉበት የሚሠራው በራሱ ፍጥነት ነው። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ «ተዉት፣ ይተኛበት» የሚባለው ነገር ነው። ጓደኛችሁ ተጠርቶ ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት።