ሃርድዌር ፓተርን ምንድን ነው? ኤልኢዲው ራሱን ሲያበራና ሲያጠፋ የከርነል ድራይቨር ሥራ ምን ይሆናል?

ኮምቦልቻ ላይ ማታ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ያውቀዋል። በጣሪያው ዙሪያ የተለጠፈው የኤልኢዲ ገመድ ቀይ ይሆናል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቀስ ብሎ ይደበዝዝና መልሶ ይደምቃል። ሹፌሩ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። መብራቱን የሚነካው የለም። ገመዱ ጫፍ ላይ ባለችው ትንሽ መቆጣጠሪያ ውስጥ አንዲት ቺፕ አለች፤ ተራውን ይዛዋለች፣ እሱኑ ትደጋግማለች።

ሃርድዌር ፓተርን ማለት ይኸው ነው። ድምቀቱን በየጊዜው የሚቀያይረው ዋናው ፕሮሰሰር ሳይሆን ኤልኢዲውን የሚነዳው ቺፕ ራሱ ሲሆን ማለት ነው። ስልክ ላይም አለ። ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ፕሮሰሰሩ ተኝቶ፣ መልእክት መግባቱን የምትናገረው ትንሿ መብራት ቀስ እያለች ስትደምቅና ስትደበዝዝ የምታዩት በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለባጃጁ ቀላል ነው፤ መቆጣጠሪያዋን የሚያዛት ሌላ ፕሮግራም የለም። ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ያለበት ዕቃ ላይ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። አፕሊኬሽኑ የሚፈልገውን ብርሃን ለቺፑ የሚያደርሰው በምን ቋንቋ ነው? እኔ ስለ ድራይቨር፣ ማለትም አንድን ቺፕ ስለሚያዘው የከርነል ክፍል፣ ሳስብ ከኮዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ኮድ ነገ ይስተካከላል፣ ለተጠቃሚ የተሰጠ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ፕሮግራሞች ከርነሉን የሚያዙበት በር፣ ግን አንዴ ከወጣ ሰው ይለምደዋል፣ ፕሮግራም ይጻፍበታል፣ ከዚያ በኋላ መንካት አይቻልም። የሊኑክስ ከርነል ሰዎች በዚህ ቀልድ አያውቁም።

መጀመሪያ ያለ ሃርድዌር ፓተርን እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ኤልኢዲ ‹ሲስ› በሚባለው ፎልደር፣ ‹ክላስ› ውስጥ፣ ‹ሌድስ› ሥር የራሱ ቦታ አለው። ‹ብራይትነስ› የሚባለው ፋይል ላይ ቁጥር ስትጽፉ መብራቱ ይበራል፣ 0 ስትጽፉ ይጠፋል። ‹ትሪገር› የሚባለው ደግሞ መብራቱን ማን እንደሚያዘው ይመርጣል። እዚያ ላይ ‹ፓተርን› ብላችሁ ከመረጣችሁ በዚያው ስም አዲስ ፋይል ብቅ ይላል። እሱ ላይ 0 1000 255 2000 ብላችሁ ጻፉ። ከ0 ተነስቶ በ1000 ሚሊሰከንድ እስከ 255 ይወጣል፣ ከዚያ በ2000 ሚሊሰከንድ ወደ 0 ይወርዳል። ድምቀትና ጊዜ፣ ድምቀትና ጊዜ፣ በቃ። ስለ ቺፑ አንድም ቃል የለበትም፤ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው።

ችግሩ የሚሠራው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ድምቀቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ከርነሉ በየ50 ሚሊሰከንዱ ነቅቶ አዲስ ቁጥር ለኤልኢዲው ይልካል። በሰከንድ 20 ጊዜ ማለት ነው። በሰዓት 72,000 ጊዜ። ኤልኢዲው ቺፖች መልእክት በሚለዋወጡበት፣ አይ ስኩዌርድ ሲ በሚባለው ሽቦ የተገናኘ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዷ ለውጥ በዚያ ዘገምተኛ መስመር ላይ የምትጓዝ መልእክት ናት። አንዲት ትንሽ መብራት እንድትተነፍስ ብሎ ፕሮሰሰሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲነቃና ሲተኛ ማደር የለበትም፤ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መብራት በጠፋበት ማታ የስልክ ባትሪ ምን ያህል እንደሚታይ መናገር አያስፈልግም። ደግሞ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ሲተኛ ይህ የከርነል ሰዓት ራሱ ስለሚቆም ፓተርኑም አብሮ ይቆማል።

ስለዚህ ሥራውን ለቺፑ ማስረከብ ነው። ግን እንዴት?

አንዱ መንገድ ቺፑን እንዳለ ለተጠቃሚው ማጋለጥ ነው። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤልፒ5523 የሚባለው ቺፕ 9 ኤልኢዲ ይነዳል፤ ውስጡ ‹ሞተር› የሚባሉ 3 ትንንሽ ክፍሎች አሉት፤ የሚሽከረከሩ አይደሉም፣ እያንዳንዳቸው አጭር ፕሮግራም ያስኬዳሉ። ኖኪያ ኤን900 ስልክ ላይ የነበረው እሱ ነው። ድራይቨሩ ለሞተሮቹ ፋይል ከፈተላቸው፦ ሞተሩን ‹ጫን› በለው፣ የቺፑን ኮድ በቁጥር ሰንሰለት ጻፍለት፣ ከዚያ ‹ሂድ› በለው። ኃይሉ ትልቅ ነው፣ የፈለጋችሁትን ትሠሩበታላችሁ። ግን አፕሊኬሽኑ የዚያን ቺፕ ኮድ ማወቅ አለበት። ሌላ ቺፕ ያለው ስልክ ላይ ያ ሰንሰለት ምንም ትርጉም የለውም። ደሴ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚያዝ ሰው ‹ጠቆር ይበል› ይላል እንጂ እንፋሎቱን ስንት ሰከንድ ልቀቀው አይልም፤ እዚህ ግን ደንበኛው ማሽኑን ራሱ እንዲዘውር ተደርጓል።

ሌላው መንገድ ከርነሉ አስቀድሞ ለብልጭ ድርግም የሚጠቀምበት ነው። ‹ታይመር› የሚለውን ትሪገር መርጣችሁ ይህን ያህል ይብራ፣ ይህን ያህል ይጥፋ ስትሉ ከርነሉ መጀመሪያ ድራይቨሩን ይጠይቃል፦ ይህን ቺፕህ ይችለዋል? ከቻለ ቺፑ ይሠራዋል። ካልቻለ ድራይቨሩ ስህተት ይመልሳል፣ ከርነሉ በራሱ ሰዓት ይሠራዋል። ተጠቃሚው የሚያየው ያው ብልጭታ ነው። ለእኔ ከዚህ የሚያምር ንድፍ የለም።

ታዲያ ፓተርንም ለምን እንዲሁ አልሆነም? ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ብልጭ ድርግም ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ አብዛኛው ቺፕ ተመሳሳይ አድርጎ ይረዳዋል። ፓተርን ላይ ግን ቺፖቹ ይለያያሉ። ኤስሲ27 በሚባለው የስፕሬድትረም ቤተሰብ ያለውን የኤልኢዲ መቆጣጠሪያ ውሰዱ። እሱ የሚያውቀው አራት ደረጃ ብቻ ነው፦ መውጫ፣ ላይ መቆያ፣ መውረጃ፣ ታች መቆያ። አምስተኛ የለም። ሦስት ብትሰጡትም አይቀበልም። ጊዜውም በ125 ሚሊሰከንድ እርከን ነው የሚሄደው፤ 300 ብላችሁ ብታዙት 250 ላይ ያስቀምጠዋል። የላይኛው ድምቀት አንድ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ከርነሉ ሁለት ፋይል ያደረገው። ‹ፓተርን› ለሶፍትዌሩ፣ ‹ኤችደብሊው ፓተርን› ለሃርድዌሩ። የአጻጻፉ ቅርጽ አንድ ነው፣ ድምቀትና ጊዜ። ትርጉሙ ግን እንደ ቺፑ ይለያያል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ድራይቨር የራሱን አፈታት በከርነሉ ሰነድ ውስጥ እንዲያስረዳ ይጠበቃል። ሃርድዌሩን ስትመርጡ የሶፍትዌሩ ይቆማል። ‹ሪፒት› የሚል ፋይልም አለ፤ -1 ከሆነ ያለማቋረጥ ይደጋግማል።

ስምምነት ነው እንጂ ፍጹም መፍትሔ አይደለም። ሰነድ የሚያነብ ሰው ያስፈልገዋል። ግን ቢያንስ ሐቀኛ ነው፦ ይህን ፋይል የነካ ሰው ከአንድ የተወሰነ ቺፕ ጋር እየተነጋገረ መሆኑን ያውቃል።

ድራይቨር ለሚጽፍ ሰው አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ የማትችለውን እችላለሁ አትበል። 300 ወደ 250 መጠጋጋቱ ለምትተነፍስ መብራት ችግር የለውም፣ ዓይን አይለየውም። ግን ሰባት ደረጃ ሲሰጡት አራቱን ወስዶ ሦስቱን በዝምታ የሚጥል ድራይቨር አደገኛ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ኢንቨርተር የሚጠግን ሰው የብልጭታውን ቁጥር ቆጥሮ ነው ብልሽቱን የሚያውቀው፤ ሦስት ጊዜ ብልጭ ካለ አንድ ነገር ነው፣ አራት ጊዜ ካለ ሌላ። ብልጭታ የጣለ ድራይቨር ሰውየውን የተሳሳተ ክፍል ያስፈታዋል። የኤስሲ27 ድራይቨር እዚህ ላይ በትክክል ነው የሠራው፤ አራት ጥንድ ካልተሰጠው ስህተት ይመልሳል፣ መብራቱን አይነካም።

ባለ ሦስት ቀለም ኤልኢዲ ሲሆን ሌላ ራስ ምታት ይጨመራል። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ለየብቻ ከተነሱ አንዱ ትንሽ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሐምራዊ ያላችሁት በመሃል ወደ ቀይ ያደላል። ሦስቱን እንደ አንድ መብራት አንድ ላይ የሚያስነሳ መንገድ ያስፈልጋል።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምትማሩም ሆናችሁ ቤታችሁ ሊኑክስ ያለበት ላፕቶፕ ያላችሁ፣ የኪቦርዱ ካፕስ ሎክ መብራት ብዙ ጊዜ እዚያው ‹ሌድስ› ሥር ይገኛል። ሩት ሆናችሁ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ትሪገሩን ‹ፓተርን› አድርጉት፤ ዝርዝሩ ውስጥ ካጣችሁት ሞጁሉ፣ ማለትም ይህን ትሪገር የሚሰጠው የከርነል ክፍል፣ አልተጫነም ማለት ነው። ከዚያ 0 500 0 0 1 500 1 0 ጻፉ። ግማሽ ሰከንድ ጠፍቶ ግማሽ ሰከንድ ይበራል። ዜሮ ጊዜ ያላቸው ጥንዶች የገቡት ለውጡ ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንዴ እንዲሆን ነው፤ ይህ መብራት እንደሆነ ከ0 እና ከ1 ውጭ ድምቀት አያውቅም። ‹ኤችደብሊው ፓተርን› የሚለው ፋይል አጠገቡ ካልታየ ድራይቨሩ የሃርድዌር ፓተርን የለውም፣ ብልጭታውን እየሠራላችሁ ያለው ከርነሉ ነው።