ፒ እና ኖንግ ምንድን ነው? ዕድሜና ችሎታ በታይላንድ መሥሪያ ቤት

ታይላንድ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ ዕድሜ መጠየቅ ነውር አይደለም። እንዲያውም ያስፈልጋል። ማን ማንን እንደሚበልጥ ካልታወቀ መጠራራቱ ራሱ ይቸግራል።

«ፒ» በታይኛ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ማለት ነው። «ኖንግ» ደግሞ ታናሽ ነው፤ ወንዱም ሴቷም ይባሉበታል። የቤተሰብ ቃላት ናቸው፤ ግን በየቢሮው፣ በየሆስፒታሉና በየፋብሪካው ይሰማሉ። ታዮች ሥራ ቦታም በቤት ስማቸው ነው የሚጠራሩት። ስለዚህ ኖይ የምትባል፣ በአንድ ዓመት የምትበልጥ ባልደረባ «ፒ ኖይ» ትባላለች። እኛ አንድን ሰው ጋሼ ለማለት የዕድሜው ልዩነት ሰፋ ማለት አለበት። በሁለት ዓመት የሚበልጠንን የቢሮ ልጅ ጋሼ ብንለው ቅር ሊለው ይችላል። ፒ ግን ለአንድ ዓመት ብልጫም ይሠራል።

አንድ ሌላ ልዩነትም አለ። በአማርኛ አክብሮቱን የሚሸከመው በአብዛኛው ግሡ ነው፤ «ይግቡ»፣ «ይቀመጡ» እንላለን። የታይኛ ግሥ ግን እንደ ሰውየው አይለዋወጥም። የሚለወጠው «እኔ» እና «አንተ» የሚለው ቃል ነው። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ከታላላቆቿ ጋር ስታወራ ራሷን «ኑ» ልትል ትችላለች። ቃሉ አይጥ ማለት ነው፤ ለትንሽ ልጅ በፍቅር የሚባል። እንግዲህ አስቡት። «እኔ አልስማማም» ለማለት መጀመሪያ የትኛዋ «እኔ» እንደሆነች መምረጥ አለባት። ራስን ትንሽ አይጥ ብሎ የአለቃን ዕቅድ በሰው ፊት መንቀፍ ከባድ ነው።

ብዙ የውጭ ሰዎች ይህን አይተው «ታናሹ ዝም ብሎ ይታዘዛል» ብለው ያልፋሉ። ግማሹን ነው ያዩት። ፒ መባል ዕዳም አለበት። አብረው ምሳ ከወጡ ሂሳቡን የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ታላቁ ነው። አዲስ የገባውን ሥራ የሚያለማምደው፣ የመሥሪያ ቤቱን ያልተጻፈ ወግ የሚነግረው፣ ከላይ ቁጣ ሲመጣ መሐል የሚገባለት ፒው ነው። ይህን የሚያደርግ ፒ ኖንጎቹ ከልብ ይወዱታል። ክብሩን ተቀብሎ ዕዳውን የማይከፍል ግን ሥርዓቱን ያበላሸዋል። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

በሥራ ዓለም ለቀዳሚነት የሚባለው ቃል «አዉሶ» ነው። ከፓሊ፣ ከቡድሂዝም ቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ የመጣ ነው። መነሻው ደስ ይላል፦ በጥንቱ የመነኮሳት ሥርዓት ታላቁ መነኩሴ ታናሹን የሚጠራበት ቃል ነበር። ታይኛ ገልብጦ ለታላቁ ሰጠው። በታይ ገዳማት ደግሞ ታላቅነት የሚቆጠረው በልደት አይደለም፤ «ፓንሳ» በሚባለው፣ ማለትም መነኩሴው በምንኩስና ባሳለፋቸው ክረምቶች ነው። በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጥቶ የመነኮሰ ሰው አምስት ክረምት ላሳለፈው የ25 ዓመት ወጣት ይሰግዳል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ የገባው ባች በዕድሜ ቢያንስም ፒ ነው። (እዚያ ሥርዓቱ ክፉ ገጽም አለው። በአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ላይ በታላላቆች ማዋረድ የተጎዱ፣ የሞቱም ልጆች አሉ።)

ሕጉም ቆይታን በገንዘብ ይቆጥራል። ያለ ጥፋቱ የተሰናበተ ሠራተኛ 120 ቀን ከሠራ የ30 ቀን ደመወዝ ያገኛል፤ 20 ዓመት ከሠራ የ400 ቀን።

ታዲያ ችሎታስ? ታላላቆች «እኛ ቀድመን በሙቅ ውኃ ታጥበናል» ይላሉ፤ ያየነውን ገና አላያችሁም ለማለት ነው። «ከትልቅ ሰው ኋላ ብትሄድ ውሻ አይነክስህም» የሚልም ተረት አላቸው። ግን ያው ቋንቋ ዕድሜው ሄዶ ምንም ያልያዘውን ሰው «የኮኮናት ቅርፊት ሽማግሌ» ይለዋል። ስለዚህ ታዮች ዕድሜንና ችሎታን ያምታታሉ ማለት ስህተት ነው። ልዩነቱን ያውቁታል። የሚቸግረው በአደባባይ መናገሩ ነው።

እዚህ ጋ «ክሬንግ ጃይ» ይመጣል። ክሬንግ መፍራትና ማክበር፣ ጃይ ልብ ነው። ቅርባችን ያለው ቃል ይሉኝታ ነው፤ ግን ልክ አይገጥምም። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ነው። ክሬንግ ጃይ «ሰውየውን አስቸግረው ይሆን፣ አሳፍረው ይሆን» ነው። ሐሳቡ ሌላውን መጠበቅ ነው፤ በዚህ እወደዋለሁ። ዋጋውም ከባድ ነው። ወጣቷ መሐንዲስ በፒዋ ስሌት ላይ ስህተት አይታ ስብሰባ ላይ ዝም ትላለች። ከስብሰባው በኋላ ለብቻው ትነግረው ይሆናል፤ ጊዜ ካለ። ጊዜ ከሌለ ስህተቱ ያልፋል።

ዕድሜና ሥልጣን ሲጋጩ ምን እንደሚመጣ ታይላንድ በ2025 እ.ኤ.አ. በጠቅላይ ሚኒስትር ደረጃ አይታዋለች። ፔቶንግታርን ሺናዋትራ በ2024 በ37 ዓመቷ ሥልጣን ስትይዝ በአገሪቱ ታሪክ በዕድሜ ትንሿ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረች። ከካምቦዲያው የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሁን ሴን ጋር ስለ ድንበሩ ውዝግብ በስልክ ስታወራ «አጎቴ» ብላ ጠራችው፤ ከአገሯ የጦር አዛዦች አንዱንም ነቀፈች። ንግግሩ አፈትልኮ ወጣ። ብዙ ታዮች አገር የምትመራ ሰው እንደ ታናሽ ተናገረች ብለው ተቆጡ። በዚያው ዓመት ኦገስት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በዚህ ስልክ ምክንያት ከሥልጣን አነሳት። በቤተሰብ ወግ ትክክል የሆነ አጠራር በሥልጣን ወንበር ላይ ሌላ ነገር ሆነ።

በየቢሮው ግን ይህንኑ ግጭት ሰዎች በየቀኑ በሰላም ያልፉታል። የ32 ዓመት አለቃ የ50 ዓመት ሠራተኛ ሲኖረው «ፒ» እያለ ነው የሚያዘው። ትእዛዙ በልመና መልክ ይመጣል፦ «ፒ፣ ይህችን ቢያዩልኝ።» ሠራተኛው በበኩሉ አለቃውን «ሁዋና» ሊለው ይችላል፤ አለቃ ማለት ነው። ወይም በስሙ ፊት «ኩን» የሚለውን የአክብሮት ቃል ያደርግለታል። አንዱ ዕድሜን ይሰጣል፣ ሌላው ወንበሩን። ጎበዝ የሆነ ወጣት አለቃ አዲስ ዕቅድ ሲኖረው መጀመሪያ ወደ ፒው ጠረጴዛ ይሄዳል። ለብቻቸው ይጠይቀዋል፣ የተባለውን ይሰማል፣ የሚስተካከለውን ያስተካክላል። ስብሰባው ላይ ሲቀርብ «ፒ እንደመከሩኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው።